ከአዲስ ቀለም በታች፦ በከሚሴና አካባቢዋ በተገዛ ቤት ውስጥ የሚገኙ ስውር ጉድለቶች

ሰው ሲኖርበት የቆየ ቤት ሲሸጥ፣ ከግድግዳውና ከጣሪያው ጋር የቀድሞው ባለቤት የደፈነው ስንጥቅ፣ የከደነው ጉድጓድ፣ ሳይከፍል ያሳደረው ዕዳና ሳይቋጭ የተወው የውርስ ጉዳይ አብሮ ይተላለፋል። ገዢው ቤቱን ዞሮ ሲያይ የማያገኘው፣ ገብቶ መኖር ከጀመረ በኋላ ግን የሚገጥመው እንዲህ ያለ ችግር ስውር ጉድለት ይባላል። አንዳንዱ ሆን ተብሎ የተሸሸገ ነው። የሚበዛው ግን ከዓመት ዓመት ጥገና በጥገና ላይ እየተደረበ ከባለቤቱም አእምሮ የወጣ ነው፤ ሻጩ ራሱ ሲገዛ ያልተነገረውን ሳያውቅ ለሚቀጥለው የሚያስረክብበት ጊዜም አለ። ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ነው። ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት አያውቅም፤ ያጠራቀመውንም ገንዘብ በግዢው ቀን ስለሚጨርስ ለጥገና የሚተርፈው የለም።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ናት። በከተማዋም ሆነ በባቲ፣ በሰንበቴና በሌሎቹ የዞኑ ከተሞች የመጀመሪያ ቤታቸውን ከሚገዙት መካከል ነጋዴዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ይገኛሉ። ሌላው ትልቅ ወገን ወደ ዐረብ አገር ሄደው በሰው ቤት ሠርተው ገንዘብ የሚልኩ ወጣቶች፣ በተለይም ሴቶች ናቸው። በእነርሱ ግዢ ገንዘቡን ያፈራችው ልጅ ቤቱን አታየውም። አባት ወይም ወንድም ከደላላ ጋር አንድ ከሰዓት ዞሮ ያያል፤ ለእርሷ የሚደርሳት በስልክ የተላከ ፎቶ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታስወጣ እንደታየው፣ የመመለሻው ቀን በራሷ ውሳኔ ላይሆን ይችላል። ያን ጊዜ የሚጠብቃት ጥሪት ያ ቤት ነው። ስለዚህ ስውር ጉድለት በዚህ አካባቢ የብዙ ዓመት ድካም የሚበላ ጉዳይ ነው፤ ከገንዘቡ ርክክብ በፊት የሚደረግ የጥቂት ቀናት ምርመራም ሊታለፍ አይገባውም።

ምርመራው ከመሬቱ መጀመር አለበት። ከከሚሴ ሥር የተዘረጋው የጨፋ ሜዳ ከደሴ አካባቢ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል የሚወርደው የቦርከና ወንዝ ያረሰረሰው ረግረጋማና ለም ምድር ነው። ወደ ሜዳው ዝቅ ባለው በኩል የሚገኘው አፈር በአብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው፤ በሌላ አካባቢ መረሬ ይሉታል። ለማሽላና ለግጦሽ የተመቸው ይህ አፈር ለቤት መሠረት ግን አስቸጋሪ ነው። በውስጡ የሚበዛው የሸክላ ዓይነት ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተርና የሰው እጅ እስኪገባ ድረስ ይሰነጠቃል። በክረምት ሲነሣና በበጋ ሲወርድ በላዩ ያረፈውን ቤት አብሮ ያንቀሳቅሳል። እንቅስቃሴው በቤቱ ሥር በሙሉ እኩል ቢሆን ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። ችግሩ በጣሪያ የተከለለው የመሐሉ አፈር ደርቆ ሲቆይ፣ አሸንዳ በሌለው ክፈፍ ሥር ያለው ወይም የእጥበት ውኃ የሚደፋበት ጥግ ርሶ ማበጡ ነው። ያኔ አንዱ ማዕዘን ይነሣል፣ ሌላው ባለበት ይቀራል፤ ግድግዳውም በመካከል ይሰነጠቃል።

ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ጣሪያ በሰያፍ የሚሄድ፣ ወደ ላይ እየሰፋ የሚመጣ ስንጥቅ የዚህ እንቅስቃሴ ምልክት ነው። በክረምት የሚጣበቅና በበጋ እንደ ልብ የሚከፈት በርም ያንኑ ይናገራል። ልስኑ ሲደርቅ በላዩ የሚታየው እንደ ፀጉር የቀጠነ ንቃቃት ግን አያሰጋም። ሻጮች ትልቁን ስንጥቅ በስቱኮ ወይም በሲሚንቶ ደፍነው ቀለም የሚቀቡት በበጋ ነው፤ ቤት የሚታየውና የሚሸጠውም በአብዛኛው በዚያው ወቅት ስለሆነ፣ የተደፈነው ቦታ ዳግም የሚከፈተው ገዢው ከነቤተሰቡ ከገባ በኋላ በመጀመሪያው ክረምት ወይም ክረምቱን በሚከተለው በጋ ነው። በአንድ ግድግዳ ላይ ብቻ፣ ወይም ከመስኮት በላይ ባለ ጥግ ላይ ብቻ አዲስ ቀለም ሲታይ ለምን እንደተቀባ መጠየቅ ተገቢ ነው። ቤቱን ከሩቅ ሆኖ በጎን ብርሃን፣ በማለዳ ወይም ወደ ማታ ማየትም ይረዳል። የተደፈነ ስንጥቅ በቀትር ብርሃን ባይታይም ፀሐይዋ በሰያፍ ስትመታው መስመሩ ይወጣል። ከውጭ ደግሞ መሠረቱን የሚያውቅ ግንበኛ ከግድግዳው ሥር ትንሽ ቆፍሮ የድንጋዩ መሠረት ስንት ክንድ እንደወረደ፣ ዋልካው ተነሥቶ በገረጋንቲ መተካቱን ወይም አለመተካቱን ሊያይ ይችላል። ይህን ቁፋሮ የማይፈቅድ ሻጭ ቢገጥም እምቢታው ራሱ መረጃ ነው።

ውኃው በሌላ መንገድም ይመጣል። በሐምሌና በነሐሴ ቦርከናና ከተራሮቹ የሚወርዱት ወራጆች ሲሞሉ ጨፋን ያጥለቀልቃሉ፤ ዝቅ ባለ ቦታ የተሠራ ቤትም በአንድ ሌሊት ዝናብ ውኃ ሊገባበት ይችላል። ጎርፍ ገብቶበት የደረቀ ቤት ውኃው እስከየት እንደደረሰ በግድግዳው ላይ መስመር ይተዋል። ቀለም ሲቀባ መስመሩ ይጠፋል፤ የሚከተሉት ግን በቀላሉ አይጠፉም፦ በግድግዳው ታችኛ ክፍል ላይ እንደ ዱቄት የሚነሣ ነጭ ጨው፣ እየተላጠ የሚወድቅ ልስን፣ የበር መቃን እግር መበስበስና በቁም ሣጥን ጀርባ የሚሸት ሻጋታ። ነጩ ጨው የሚፈጠረው ከመሬት ወደ ግድግዳው የሚሳብ እርጥበት ማዕድኑን ይዞ ወጥቶ ውኃው ሲተን ጨው ስለሚቀር ነው። በላዩ ሲሚንቶ መለሰን የሚያስቀረው አይደለም፤ እርጥበቱ ከፍ ብሎ በሌላ በኩል ይወጣል። መፍትሔው ውኃውን ከግድግዳው ማራቅ ነው። ለዚህ አሸንዳ፣ በቤቱ ዙሪያ ወደ ውጭ ያዘመመ የሲሚንቶ ንጣፍና ውኃውን የሚወስድ ቦይ ያስፈልጋሉ። የጎርፉን ታሪክ ከጎረቤት በተሻለ የሚነግር የለም። ባለፉት ዓመታት ውኃ እስከየት ደርሶ እንደነበር ሁለት ሦስት ጎረቤት ቢጠየቅ፣ በተለይ ቤቱ እንዲሸጥ ምንም ጥቅም የሌላቸው አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ቢጠየቁ፣ የሚሰጡት መልስ በሰነድ ላይ የማይገኝ ነው።

በግቢ ውስጥ ከሁሉ የሚያስፈራው የተከደነ ጉድጓድ ነው። ሽንት ቤት ሲሞላ በብዙ ግቢ ሌላ ጉድጓድ ይቆፈርና አሮጌው በእንጨትና በአፈር ይከደናል። እንጨቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይበሰብሳል፤ ላዩ ላይ ሣር በቅሎ ወይም ሲሚንቶ ፈስሶ ሌላው ምድር ይመስላል። ማሽላ በሚመረትበት ቆላ አገር እህል በመሬት ውስጥ ጉድጓድ የማከማቸት ልማድም ስለኖረ፣ ቀድሞ የገበሬ ግቢ የነበረና ከተማው ሲሰፋ የተዋጠ ቦታ እንዲህ ያለ ባዶ ሊኖረው ይችላል። በላዩ ክፍል ሲጨመርበት ወለሉ ይሰምጣል፤ ሕፃን ሲሮጥበትም ሊደረመስ ይችላል። ወለሉንና ግቢውን በከባድ ዘንግ እየመቱ መዞር፣ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ቦታም ቆፍሮ ማየት ያስፈልጋል። ሻጩ የመጀመሪያው ሽንት ቤት የት እንደነበር በቀጥታ ቢጠየቅ ብዙ ጊዜ መልሱን ያውቃል፤ ሳይጠየቅ ግን አይናገርም። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ የውኃ መቅጃ ጉድጓድ ካለበት ሥፍራ አጠገብ ከሆነ የመጠጥ ውኃውን ይበክላል፤ ይህም ለቤተሰቡ ጤና ከስንጥቁ የከፋ ነው።

ከምድሩ በኋላ ግድግዳው ይመጣል። በከሚሴና በዙሪያዋ አሮጌ ቤት ማለት በአብዛኛው የጭቃ ቤት ነው፦ በመሬት የተተከለ የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ በላዩ የታሰረ ማገር፣ በጭድ የታሸ ጭቃ ምርግና የቆርቆሮ ክዳን። ጥሩ ሆኖ የተሠራና የተጠበቀ የጭቃ ቤት ለብዙ ዓመት ይኖራል፤ በቆላው ሙቀትም ከብሎኬት ይልቅ ቀዝቃዛ ነው። ጠላቱ ምስጥ ነው። ምስጥ ብርሃንና ደረቅ አየር ስለማይወድ ከመሬት ተነሥቶ የሚወጣው ቋሚውን ከውስጥ እየበላ፣ ወይም በግድግዳው ላይ እንደ እርሳስ የቀጠነ የጭቃ መተላለፊያ እየሠራ ነው። እንጨቱ ከውጭ ደህና ይመስላል፣ በውስጡ ግን ቅርፊቱ ብቻ ይቀራል። ቢላዋ ወይም ምስማር ወደ ቋሚው እግር ሲገፋ ያለ ችግር ከገባ እንጨቱ አልቋል።

ይህ ጉድለት በሽያጭ ጊዜ የሚሸፈነው በሲሚንቶ ነው። የጭቃው ግድግዳ በሽቦ ተሸፍኖ በሲሚንቶ ይለሰንና ቀለም ይቀባል፤ ለማያውቅ ሰው የብሎኬት ቤት ይመስላል፤ በብሎኬት ዋጋም የሚቀርብ አለ። ልዩነቱን ማወቅ ግን ከባድ አይደለም። ብሎኬት ሲመታ ጠጣር ድምፅ ይሰጣል፤ ከጭቃው የተለቀቀ ልስን ደግሞ እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ከመስኮት መቃኑ ጎን የግድግዳው ውፍረት ያልተስተካከለ ከሆነ፣ ወይም ከኮርኒስ በላይ ወጥቶ ሲታይ ልስን ያልደረሰው የላይኛው ክፍል ጭቃና ማገር ከሆነ ጉዳዩ ያልቃል። ሲሚንቶው ራሱም ጉዳት ያመጣል። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ወደ ውጭ ይተነፍሳል፤ በሲሚንቶ ሲታሸግ ግን እርጥበቱ በውስጥ ይቀርና እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ምስጡም የሚወደውን ጨለማና ርጥብ ቦታ ያገኛል። ስለዚህ ንጹሕ ሲሚንቶ የለበሰ የጭቃ ቤት በቀላል ጭቃ ከተመረገው ጎረቤቱ ይልቅ በውስጡ የደከመ ሊሆን ይችላል። የተበላ ቋሚ አንድ በአንድ ሊለወጥ ይችላል፤ አዲሱን አጠና በተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀብቶ መትከል የተለመደ ነው። ከዚያ የሚሻለው ግን ቋሚው በቀጥታ መሬት እንዳይነካ በድንጋይ መሠረት ላይ ማቆም ነው።

ጣሪያው ሲታይ ዝገቱ የት እንዳለ ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ይፈተሻል። ኮርኒሱ አዲስ ከሆነና በመሐሉ ቡናማ ቀለበት ከታየ ቆርቆሮው ያፈሳል፤ ቀለበት የሌለው አዲስ ኮርኒስም ትናንት የተለወጠ ሊሆን ይችላል። አንድ ክፍሉን አንሥቶ በቀን ወደ ላይ ማየት በቂ ነው፤ ቀዳዳው በጨለማው ውስጥ እንደ ብርሃን ነጥብ ይታያል። ምስማሩ የላላ ቆርቆሮ በጨፋ ነፋስ ይነሣል።

የኤሌክትሪክ መስመር ሲታይ ደግሞ ጉዳዩ የሕይወት ነው። በብዙ ቤት አንድ ቆጣሪ ለአንድ ክፍል ገብቶ በኋላ ለተጨመሩት ክፍሎች ሁሉ ሽቦ እየተቀጠለ ይሄዳል። የተቀጠለው ሽቦ ምድጃና ምጣድ የማይችል ቀጭን ይሆናል፤ መጋጠሚያው በላስቲክ ብቻ ተጠቅልሎ ከኮርኒስ በላይ ይተዋል፤ አይጥም ይበላዋል። በግድግዳ ውስጥ ያለ ቱቦ የተቀበረ ሽቦ ምስማር ሲመታበት የት እንዳለ ማንም አያውቅም። ገዢው ሲገባ ሁሉንም መብራትና ሶኬት አንድ ጊዜ አብርቶ ቢያንስ የአንድ ሰዓት ጊዜ መጠበቅ፣ ከዚያ የብሬከሩንና የማብሪያ ማጥፊያውን ገጽ በእጁ ሙቀት መለካት ይችላል። የሚሞቅ ካለ ባለሙያ ሳያየው ምጣድ መጣድ የለበትም። ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነና ያልተከፈለ ሂሳብ እንዳለበት ከኤሌክትሪክ አገልግሎት ቢሮ መጠየቅም የዚሁ አካል ነው፤ መብራቱ ከጎረቤት በሽቦ የሚመጣ ሆኖ ሳለ ሲሸጥ የራሱ ቆጣሪ እንዳለው የሚነገርለት ቤት አለና።

ይህ አካባቢ በአገሪቱ ታሪክ ከታወቁት የመሬት መንቀጥቀጦች አንዱ የተከሰተበት መሆኑን ብዙ ገዢዎች አያውቁም። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻና በሰኔ በአጣዬና በከሚሴ መካከል ባለችው በካራቆሬ አካባቢ በሬክተር መለኪያ ከ6 በላይ የደረሰ መንቀጥቀጥ ተከስቶ ማጀቴን አወደመ፣ ካራቆሬንም ክፉኛ ጎዳ፤ የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድም ተሰነጣጠቀ። ከሚሴ የምትገኘው በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ገደል ግርጌ ስለሆነ ምክንያቱ ዛሬም በቦታው አለ። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዶፋን አካባቢ ለወራት የቀጠለው መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ የተሰማ ነበር። ለቤት ገዢ የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። በመንቀጥቀጥ ጊዜ የሚገድለው ከላይ የከበደና በጎን ያልተያያዘ ግድግዳ ነው፤ ስለዚህ ብሎኬት ቤት ሲገዛ በየማዕዘኑ ፌሮ ያለው ኮለን መኖሩን፣ በግድግዳው አናትም ቢም መታሰሩን ማጣራት ያስፈልጋል። ፎቅ ሲሆን ደግሞ ሁለተኛው ሶሌታ መሠረቱ ሲጣል ታስቦ የነበረ ወይም በኋላ የተጨመረ መሆኑን መጠየቅ ግድ ነው። ላዩ ላይ ክፍል ለመጨመር በየጣሪያው የሚተዉት የፌሮ ጫፎች የገዢን ተስፋ ያነሣሣሉ፤ ሥሩ ግን ያንን ሊሸከም እንደሚችል የሚመሰክር ንድፍ ከሌለ ምንም አያረጋግጡም።

የእሳት ጉዳትም ይሸፈናል። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በአጣዬና በአካባቢው ከተሞች በነበረው ግጭት በርካታ ቤቶች ተቃጥለዋል፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም ጦርነቱ ከሚሴ ደርሶ ነበር። የተቃጠሉት ቤቶች ባለቤቶቻቸው ባላቸው አቅም ጠግነው ገብተውባቸዋል፤ አንዳንዶቹም ተሽጠዋል። በእሳት የቆየ ብሎኬትና ሲሚንቶ ጥንካሬውን ያጣል፣ ፌሮውም ይለሰልሳል፤ ልስን ሲለብስ ይህ አይታይም። ወደ ሮዝ ወይም ወደ ቀይ ያደላ የብሎኬት ቀለም፣ በእጅ ሲፈረፈር የሚወርድ ሲሚንቶ ምልክቶቹ ናቸው። ጦርነት ባለፈበት ግቢ ያልታወቀ ብረት ሲገኝ ሳይነኩ ለፖሊስ ማስታወቅ ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ብዙ ሰው የሚጎዳው ግን በወረቀት ነው። ስንጥቅ በገንዘብ ይጠገናል፤ ሌላ ባለቤት ያለው ቤት ግን አይጠገንም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነና እንደማይሸጥ ይደነግጋል፤ የሚሸጠው በላዩ ያረፈው ቤት ነው። ስለዚህ በከተማው ዳር በገበሬ ይዞታ ላይ በሌሊት የተሠራና ጨረቃ ቤት የሚባለውን ቤት የሚገዛ ሰው ገዛሁ የሚለው ሕግ የማይቀበለውን ነገር ነው። የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 ይዞታን ማከራየት፣ ማውረስና በስጦታ ማስተላለፍ ቢፈቅድም መሸጥን አይፈቅድም። በዚህ ዓይነት የተገዛ ቤት ውሉ በሦስት ምስክር ቢፈረምም ለገዢው ካርታ አያስገኝለትም። ካርታ ያለው ቤት ደግሞ በሊዝ የተገኘ ከሆነ በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የሚከፈል ዓመታዊ ክፍያ አለበት፤ ውዝፉ ስም ሲዛወር ይወጣል። ስለዚህም ከማዘጋጃ ቤቱ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ ለመሆኑ የሚሰጥ ማረጋገጫ ሳይያዝ ቀብድ መስጠት አደገኛ ነው። መያዣ በመዝገብ ላይ ካለ ባንኩ ዕዳውን ከቤቱ ይጠይቃል፤ ቤቱ የተላለፈለትን ሰው ማንነት አይጠይቅም።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የሚስቱ ወይም የባሏ ፈቃድ ያስፈልጋል። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዲሸጥ አይፈቅድም። በዚህ አካባቢ ከአንድ በላይ ሚስት ያለው ሻጭ ሊገጥም ስለሚችል፣ ውሉ ላይ የፈረመችው ሚስት ብቻዋን የቤቱ ተጋሪ መሆኗን በጎረቤትና በቀበሌ ማጣራት ያስፈልጋል። ውርስ ሲሆን ደግሞ ጥንቃቄው ይበዛል። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በመሆኑ የውርስ ጉዳይ በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ይታያል፤ ወንድሞችና እኅቶች፣ እናትና ሚስት ሁሉም ድርሻ አላቸው። አባቱ የሞቱበት ልጅ ቤቱን ብቻውን ሲሸጥ፣ ጅዳ ወይም ሪያድ ያለች እኅት ከዓመታት በኋላ ተመልሳ ድርሻዋን ብትጠይቅ ሕጉ ከእርሷ ጋር ነው። ገዢው ያየው ፊርማ የአንድ ወራሽ ነበር፤ ሌሎቹ አልፈረሙም። የውርስ ማጣሪያ ውሳኔና የሁሉም ወራሾች ፊርማ ሳይኖር መግዛት ለዚህ በር ይከፍታል።

በውክልና የሚሸጥ ቤት ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል፤ አጠቃላይ ሥራ የሚያስኬድ ውክልና አይበቃም። ውክልናው የሰጪው ሕይወት ሲያልፍ ያበቃል። ስለዚህ ወካዩ በሕይወት መኖሩንና ውክልናው አለመሻሩን ማረጋገጥ ከፊርማው ቀን በፊት የሚደረግ ሥራ ነው፤ አንድ የስልክ ጥሪ ብዙ ዓመት ይቆጥባል። የዞኑ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ ሰነዱ በዚያ ቋንቋ ሊዘጋጅ ይችላል፤ ከሌላ አካባቢ የመጣ ገዢ ቃል በቃል አስነብቦ ሳይረዳ መፈረም የለበትም።

ጉድለቱ ከተገኘ በኋላ ሕጉ ምን ይላል? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ የደነገገው ክፍል ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጩ የሸጠው ነገር ጉድለት እንደሌለው ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል፤ አንቀጽ 2875 ይህንኑ በቤት ሽያጭ ላይም ተፈጻሚ ያደርገዋል። ገዢው ግን የራሱ ግዴታ አለበት። እንደተረከበ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ ይኖርበታል፤ በተራ ምርመራ የማይገኝ ከሆነ እንዳወቀው ወዲያው ማስታወቅ ይጠበቅበታል። ክሱ ካስታወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ሻጩ ሆን ብሎ ያታለለ እንደሆነ ጊዜው አለፈ ብሎ ሊከራከር አይችልም። ገዢው በውሉ ጊዜ ያወቀው ጉድለት ግን ዋስትና የለውም፤ ስለዚህ ከሻጩ ጋር ስለ ስንጥቁ የተነገረውን በጽሑፍ ማስፈር ለሁለቱም ይጠቅማል። ቤት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ ሕጋዊ ውጤት እንደሌለው አንቀጽ 2877 ይደነግጋል። ቤቱን የሠራው ሥራ ተቋራጭ ከሆነ ደግሞ በአንቀጽ 3039 መሠረት ለሥራው ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው። የእስልምና ሕግም በዚህ ጉዳይ ግልጽ ነው፦ ገዢው የተሸሸገ ዐይብ ካገኘ እቃውን የመመለስ ምርጫ አለው፤ ሻጩም የሚያውቀውን ጉድለት ሳይናገር መሸጥ አይፈቀድለትም። በከሚሴ ይህ ሁሉ ከፍርድ ቤት በፊት በሽማግሌዎች ፊት የሚቀርብ ጉዳይ ነው፤ ሽምግልናውም ከዋጋው ላይ እንዲቀነስ ወይም ሻጩ ጥገናውን እንዲያግዝ በማድረግ የሚጨርሰው ብዙ ነው። በሌላው ዓለም ደግሞ፣ እንደ እንግሊዝ ባሉ አገሮች፣ ገዢው ራሱ ባለሙያ ቀጥሮ ከግዢ በፊት ቤቱን ያስመረምራል፤ በከሚሴ የዚህን ሥራ የሚተካው የታመነ ግንበኛና አናጢ ነው።

የተገዛ ቤት ችግር ሲገኝበት ማስረጃ መያዝ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ስንጥቁ ሲታይ በሁለቱም ጫፍ በእርሳስ መስመር አስምሮ ቀኑን መጻፍና ፎቶ ማንሣት ይበቃል። ከሁለት ወቅት በኋላ ስንጥቁ ከመስመሩ ካለፈ መሬቱ ገና እየተንቀሳቀሰ ነው፣ ካላለፈ ደግሞ ያረፈ ነው። ከዚያ ጥገናው በቅደም ተከተል ይሠራል። ሕይወት የሚያሠጋው፣ ማለትም የተከደነ ጉድጓድ፣ የሚሞቅ ሽቦና ያልተያያዘ ግድግዳ፣ ሳይዘገይ ይስተካከላል። ቀጥሎ ውኃ ከቤቱ የሚርቅበት አሸንዳና ቦይ ይሠራል፤ ይህ ሳይሠራ ስንጥቅ መድፈን ገንዘብ ማባከን ነው። በግድግዳው አጠገብ የተተከለ ባሕር ዛፍ ዋልካውን እያደረቀ ስለሚያባብሰው ይቆረጣል። ልስንና ቀለም የሚመጣው ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ካለፈ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የትኛው ስንጥቅ እንደሚመለስና የትኛው እንደማይመለስ ግድግዳው ራሱ አሳይቷል። የስም ዝውውሩ ግን ይህን ሁሉ ሳይጠብቅ ከርክክቡ ጋር ወዲያው መጠናቀቅ ያለበት ሥራ ነው፤ ካርታው በሻጩ ስም እስካለ ድረስ በሻጩ ላይ የሚመጣ ዕዳና እግድ ቤቱ ላይ ሊያርፍ ይችላልና።